ከኮምቦልቻ እስከ ሐይቅና አርዲቦ በመኪና፦ 5 ቀን እንዴት ቢደለደል ይሻላል?

ጠያቂ፦ የሸዋ በር ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ሸዋ በር ቢሆንም፣ ኑሮዬን አዲስ አበባ ካደረግሁ 22 ዓመት ስላለፈኝ፣ ወሎን የማያት ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ደርሼ በማግሥቱ ስመለስ ብቻ ሆኗል። ዘንድሮ በጥቅምት አጋማሽ የ70 ዓመት እናቴን፣ ባለቤቴንና የ9 ዓመት ወንድ ልጄን ይዤ፣ 5 ቀን ሙሉ ያለ ጥድፊያ አገሩን ላሳያቸው አስቤአለሁ። ባለቤቴ ሐዋሳ ያደገች የሐይቅ ዳር ልጅ ናት፤ «የእናንተንስ ሐይቅ መቼ ነው የምታሳየኝ?» ማለት ከጀመረች ዓመታት ስለተቆጠሩ፣ የጉዞው እምብርት ራሱ «ሐይቅ» የሚባለው ሐይቃችንና ጎረቤቱ አርዲቦ ሐይቅ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ።

መኪናዬ ዝቅ ያለች የቤት መኪና ናት። አርዲቦ ድረስ ትደርስልኛለች? በጥቅምት በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት ጉም ያስቸግራል? ላሊበላን ብጨምርስ በ5 ቀን ይበቃኛል? መንገዱን በቅርብ የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የመስመር ሾፌር፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ አብሽር፤ ወቅቱን በደንብ መርጠዋል። በነሐሴ ቢሆን ኖሮ አይምጡ እልዎት ነበር። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ደሴና አካባቢዋ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው፤ በጥቅምት አጋማሽ ግን እንግዳው ሄዶ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ማሳው ገና እንደለመለመ ያገኙታል።

ስለ ሐረጎ ጠንከር አድርጌ ልናገር። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በዚህ አጭር ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ያንኑ ሁሉ ይወርዱታል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ሚኒባስ ሞልቼ ፍሬን እየረገጥሁ ስወርድ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አሉኝ። ዳር ይዤ ወርጄ ባየው የፊት ጎማዎቹ ቸርኬ እጅ አያስነካም፤ በድንጋጤ ውሃ ላፈስበት ጀሪካን ሳነሣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር እጄን ይዞ «ይሰነጠቅብሃል፤ ተወው፣ ራሱ ይቀዝቅዝ» ብሎ አተረፈኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልቁለቱን የምጀምረው በሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ፍሬን የምይዘው ኩርባው ላይ ብቻ ነው። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ጉም ከወረደ በአጭር መብራት ይንዱ፣ በየኩርባው ክላክስ ያሰሙ፣ ከኋላ የሚያጣድፍዎን ደግሞ ያሳልፉት። ከጧቱ 3 ሰዓት በኋላ ቢነሡ ብዙ ጊዜ ጉሙ ተገፎ ይጠብቅዎታል።

ሌላው፣ እሑድ ኮምቦልቻ ቢያድሩ ሰኞን ለባቲ ገበያ ይስጡ። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ይወስዳል፤ አፋሩ ከቆላው ግመሉን እየነዳ፣ አማራውና ኦሮሞው ከደጋውና ከወይና ደጋው እህሉን ጭኖ የሚገናኙበት ነው። ልጅዎ ያን ያህል ግመል በአንድ ሜዳ ላይ ሲያይ የሚሆነውን እርስዎ ያዩታል። ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) እና ክሪክ (የመኪና ማንሻ) ሳይፈትሹ ግን አይውጡ።

መልስ፦ የሐይቅ ከተማ ልጅ

እንኳን ወደ አገርዎ በሰላም ያምጣዎት። ከደሴ ወደ እኛ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ ደርሶ ለመመለስ ይመቻል ይባላል። እኔ ግን ቢያንስ ሁለት ሌሊት እዚሁ እንድታድሩ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም ሐይቁ መታየት ያለበት በማለዳ ነው። ጀንበር ስትወጣ ውሃው ረግቶ፣ የዙሪያው ተራራ ተገልብጦ ይታይበታል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ያ ሁሉ ይጠፋል። የመጡ እንግዶች አብዛኞቹ የሚያዩት የቀትሩን ሐይቅ ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ለባለቤትዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ሐዋሳ በስፋት የእኛን ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል፤ የእኛው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጥልቀት ግን ከ80 ሜትር ስለሚያልፍ ሐዋሳ አይደርስበትም።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ እናትዎ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ባለቤትዎ ግን እዚያ ደርሳ እንዳታዝን አስቀድመው ያስረዷት። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው፤ ቀድሞ ደሴት የነበረው ዛሬ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይደረስበታል። እርስዎና ልጅዎ ስትገቡ፣ እናትዎና ባለቤትዎ በውሃው ዳር ጥላ ሥር ቢቆዩ፣ እኔ እንደማየው ብዙ እናቶች ከዚያው ሆነው ተሳልመው፣ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ።

አርዲቦ ከእኛ በስተደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ የተረፈው ውሃው በትንሽ ወንዝ ወርዶ ወደ ሐይቅ ይገባል፤ ሐይቅ ግን ተቀብሎ ያስቀራል እንጂ በገጸ ምድር የሚያስወጣው መፍሰሻ የለውም። የአርዲቦ መንገድ ኮረኮንች ነው። ሦስት አራት ቀን ካልዘነበ በዝግታ ይወጡታል፤ ከዘነበ ግን መኪናዎን ከተማ አቁመው ከፍ ያለ መኪና ከነሾፌሩ ይከራዩ። ምሳችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ እዚያ ጸጥታ እንጂ ሆቴል አትፈልጉ። ስትመለሱ በሐይቅ ዳር የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በአዋዜ ይጠብቃችኋል።

መልስ፦ መምህር፣ ወልድያ

ከላይ በተጻፈው ሁሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ልጅ ይዞ እስከ ሐይቅ መጥቶ ውጫሌን ሳያሳዩ መመለስ ይቆጨኛል። ከሐይቅ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በአምባሰል ግርጌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ ይገኛል። ልጅዎ በትምህርት ቤት ስለ 17ኛው አንቀጽ ሲማር ቦታውን በዓይኑ ያየ ይሆናል። እግረ መንገድዎን የአምባሰልን ተራራ ለእናትዎ ያሳዩአቸው፤ ቅኝቱ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፣ እሳቸውም ዝም ብለው የሚያልፉት አይመስለኝም። ውጫሌን በግማሽ ቀን አይተው ሐይቅ ተመልሰው ማደር ይችላሉ።

ላሊበላን ግን ይተዉት። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ የድልብን ዳገት ወጥቶ፣ በጋሸና ዞሮ ላሊበላ መድረስ ለብቻው ሙሉ ቀን ይፈልጋል። በ5 ቀን ከጨመሩት ሁለቱም ይበላሻል፤ እናትዎም መቀመጫ ላይ ውለው መቀመጫ ላይ ያመሻሉ። ላሊበላ ራሱን የቻለ ጉዞ ይገባዋል።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። የመንገዱን ጸጥታ ከመነሣትዎ በፊትና በየማለዳው እዚያው ካሉ ሰዎች ይጠይቁ፤ ጨለማ ሳይዝዎትም ማደሪያዎ ይግቡ።

ጠያቂ፦ የሸዋ በር ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ላሊበላን ሰርዣለሁ። እሑድ ኮምቦልቻ፣ ሰኞ ባቲ ደርሶ መልስ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሐረጎን ወጥተን ደሴ ከዘመድ ቤት፣ ረቡዕ ገዳሙን አይተን ሐይቅ እናድራለን፤ ሐሙስ እንደ አየሩ ሁኔታ ወይ አርዲቦ ወይ ውጫሌ ይሆናል። እናቴ ይህን ሁሉ ሳነብላት ቆይታ፣ ስለ አርዲቦ የተጻፈው ላይ ስደርስ አስቆመችኝና በልጅነቷ ከአባቷ ጋር በበቅሎ እንደሄደችበት ነገረችኝ። በ45 ዓመቴ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ቢዘንብም መኪና ተከራይተን አርዲቦን እናስቀድማለን።

መልስ፦ የሐይቅ ከተማ ልጅ

እንዲያ ከሆነ ሐሙስ ማለዳ 12 ሰዓት ተነሡ፤ ነፋሱ ሳይቀድማችሁ እናትዎ ውሃውን ረግቶ ያዩታል። ወፍራም ጋቢም ያዙላቸው፤ ላዩ ይበርዳል።