የገረባ ከሰሌ ይሰነጠቃል፣ ይጨሳል፤ ምን አጠፋሁ?

ጠያቂዋ (ቡራዩ)፦ ሰላም ወገኖች። ሰፈራችን ካሉት ጫት ቤቶች ገረባ (የጫት ትርፍራፊ) በነጻ አገኛለሁ፣ እንዲያውም ውሰጂልን ይሉኛል። ከሰል በጆንያ መግዛት ስለመረረኝ ብሪኬት (ከከሰል ዱቄት ተጠቅጥቆ የሚሠራ ከሰል) ልሥራ ብዬ ገረባውን ጉድጓድ ውስጥ አቃጠልኩ፣ በሙቀጫ ወቀጥኩ፣ ለሁለት እጅ የከሰል ዱቄት አንድ እጅ ቀይ አፈር ጨምሬ አቦካሁና በጣሳ ቅርጽ እያወጣሁ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሦስት ቀን አሰጣሁት። ግማሹ ተሰነጣጠቀ። የተረፈውን ለቡና ባቀጣጥለው ቤቱን በጭስ ሞላው፣ እናቴም «ይሄን ጉድሽን ወደ ውጭ!» አለችኝ። አመዱ ደግሞ ለጉድ ነው፤ ጀበናው እንኳ አልፈላም።

የሰበታው፦ እህቴ፣ ጭሱ ገረባው በደንብ ከሰል ሳይሆን በመቅረቱ ነው። ጉድጓድ ለጀማሪ ያስቸግራል፣ አንዱ ጥግ አመድ ሲሆን ሌላው ጥሬ ይቀራል። 200 ሊትር በርሜል ፈልጊ፣ ታቹን በሳስተሽ ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀምጪው። የደረቀ ገረባ ብቻ ጥቂት ጥቂቱን እየጨመርሽ አንድጂ። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ እርጥበቱ ነው። ሲሳሳና ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ክደኚና ከላይም ከታችም በጭቃ ምረጊው። እስኪነጋ አትክፈቺ! እኔ ቸኩዬ ከፍቼ አየር ሲያገኝ ሙሉ በርሜል አመድ ታቅፌያለሁ። ከ10 ኪሎ ደረቅ ገረባ 3 ኪሎ ከሰል ካገኘሽ ጎበዝ ነሽ።

የሰንዳፋዋ፦ አፈሩም በዝቷል የኔ እህት። አፈር አይነድም፣ ያ ሁሉ አመድ ከሱ ነው። እኔ በእህል ዱቄት ነው የማጣብቀው። ለ10 ኪሎ የከሰል ዱቄት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ዱቄት እንደ አጥሚት አፍልቼ በሙቁ አሻለሁ። የሚበላ ዱቄት አታባክኚ፣ ወፍጮ ቤት የሚጠረገውን ጠይቂ። ከሰሉን መጀመሪያ በወንፊት ንፊው። ልኩን ለማወቅ በጭብጥሽ ጨምቂው፤ በጣቶችሽ መሃል ውሃ ከወጣ ቀጥኗል፣ እጅሽን ስትከፍቺ ከፈረሰ ደርቋል።

የገላኑ፦ አፈርን እንዲህ ባታንቋሽሹት። ትንሽ ሲገባ ፍሙ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ለቡና ይመቻል። ለወጥ ግን አይሆንም፣ ሙቀቱ ይደክማል።

ጠያቂዋ፦ ስንጥቁስ? ማሽን ልግዛ እንዴ?

የሰንዳፋዋ፦ ገና ነሽ፣ አትግዢ። የተቆረጠ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ጠቅጥቀሽ በእንጨት ግፊው። ስንጥቁን ያመጣው ቆርቆሮው ነው፤ ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ውስጥ ይዋል፣ ከዚያ በወንፊት አልጋ ላይ ፀሐይ ይምታው። ሳምንት ስጪው። ክረምት ላይ አትሞክሪው።

የሰበታው፦ እናትሽም ልክ ናቸው። ጭሱ ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም አይሸትም። ውጭ አቀጣጥለሽ ፍሙ ሲቀላ አስገቢ። ያኔም ቢሆን መስኮት ክፈቱ፣ ፍም ቤት ውስጥ አስቀምጣችሁ አትተኙ።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ። በርሜሉ የት ይገኛል?

የገላኑ፦ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። ግን ውስጡ ምን እንደነበረ ጠይቂ፣ የኬሚካል ከሆነ ይቅርብሽ።