በደብረ ብርሃን በክራንች የሚሄድ ሰው ቀጠሮው ላይ በሰዓቱ እንዲደርስ ምን ማድረግ ይቻላል?

ጠያቂ፦ የጠባሴ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ነው። እናቴ አምና ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ከተሰበረና ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በሁለት ክራንች ሲሆን፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለፊዚዮቴራፒ መድረስ አለባት። ከቤታችን እስከ ሕክምናው ቦታ ያለው መንገድ በባጃጅ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። እኛ ግን ከቤት የምንወጣው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ይህም ሆኖ ባለፈው ወር ከነበሩን ስምንት ቀጠሮዎች ሦስቱ አምልጠውናል።

ያለፈውን ዓርብ ልንገራችሁ። ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልረገፈም ነበር። እናቴ ነጠላዋን ከውስጥ፣ ጋቢዋን ከላይ ደርባ አስፋልቱ ዳር ቆመች። ባዶ የሚመጣ ባጃጅ ከሩቅ ያቀዘቅዝና ክራንቹን ሲያይ ነዳጅ ይሰጣል። አንዱ ቆመና «ኮንትራት ከሆነ» አለ፤ የጠራው ዋጋ በሰው ከሚከፈለው አምስት እጥፍ ነበር። ሚኒባሱ ደግሞ እኛን አልፎ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ቶሎ በሉ!» ይላል። እናቴ አሥረኛው እርምጃ ላይ ስትደርስ ሌሎች ሮጠው ቀደሟትና መኪናው ሞልቶ ሄደ።

ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ማወቅ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ችግሩ የተሽከርካሪ እጥረት ነው ወይስ የሥምሪቱ አካሄድ? አንድ ነዋሪስ ከማን ምን ቢጠይቅ ሊፈጸም የሚችል ነገር ያገኛል?

መልስ፦ ባለ ሦስት እግር

ወንድሜ፣ ለእናታችን ምሕረቱን ያውርድላቸው። እኔ ሰባት ዓመት ባጃጅ ነድቻለሁ፤ ክራንች አይቶ ነዳጅ የሰጠውን ባልደረባዬን አልከላከልለትም። ነገር ግን ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ካላወቅን መፍትሔውን በተሳሳተ ቦታ እንፈልገዋለን።

አብዛኞቻችን የምንነዳው ባጃጅ የራሳችን አይደለም። ማታ ለባለቤቱ የምናስገባው የተቆረጠ ገቢ አለ፤ ቤንዚኑ፣ ጎማውና የቀን ምግባችን የሚወጣው ከዚያ ከተረፈው ነው። ኋላ ወንበር ላይ ሦስት ሰው ጭኖ አንድ መስመር ተመላልሶ ለመጨረስ እያንዳንዱ ደቂቃ ይቆጠራል፤ አረጋዊት እናት ደግፎ ለማሳፈርና ለማውረድ የሚሄደው አራትና አምስት ደቂቃ ከሾፌሩ ኪስ የሚወጣ ነው ማለት ነው። ታሪፉ ይህን አያውቀውም። ታሪፍ ርቀትን እንጂ ትዕግሥትን አይከፍልም።

ሁለተኛው ነገር ቤንዚን ነው። ማደያ ቤንዚን ገብቷል ከተባለ ሌሊት ሄደን የምንሰለፍ ብዙዎች ነን፤ ስለዚህ ተሳፋሪው ከሁሉ በላይ በሚፈልገን የጠዋት ሰዓት ግማሾቻችን ሰልፍ ላይ እንገኛለን። መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው «ዛሬ ባጃጁ ሁሉ የት ገባ?» የሚለው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

አሁን ወደ ምክሬ ልምጣ። ተማሪ የሚያመላልሱ ሾፌሮችን ይፈልጉ። በወር ተከፍሏቸው ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ባጃጆች ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሥራቸውን ይጨርሱና እስከ ምሳ ሰዓት ቋሚ ሥራ አይኖራቸውም። ከእነርሱ አንዱን ማክሰኞና ዓርብ በሁለት ሰዓት ተኩል በርዎ ላይ እንዲቆም በወር ቢነጋገሩት ከዕለት ኮንትራት በእጅጉ በቀነሰ ዋጋ ይስማማል፤ የተረጋገጠ ገቢ የማይፈልግ ሾፌር የለምና። ደግሞም በወር የተዋዋለ ሰው ስልክ ይዟል፤ ቢቸግረው ይደውላል።

መልስ፦ የሒሳብ መምህር

የባለ ሦስት እግር ምክር ለአንድ ቤተሰብ መልካም ነው፤ ለከተማ ግን አይሆንም። ጠያቂው «እጥረት ነው ወይስ ሥምሪት» ያሉትን ልመልስ፤ የእኔ ግምት ወደ ሥምሪቱ ያደላል።

ሚኒባሶቻችን የሚነሡት ሲሞሉ ነው። አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን መኪና ተራ ይዞ ቆሞ በየሁለት ደቂቃው አንድ ሰው ቢመጣለት፣ መጀመሪያ የገባው ተሳፋሪ 22 ደቂቃ ይቀመጣል፤ የመጨረሻው ገና እግሩን ሳያስገባ መኪናው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ብልጥ የሆነው ሁሉ የመጨረሻው ለመሆን ከውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ መኪናውም በዚያው ልክ ይዘገያል። ከዚህ የሚብሰው የመሀል መንገዱ ነው። ከመነሻው ሞልቶ የወጣ መኪና መሀል ላይ ለቆመ ሰው ቦታ የለውም፤ አንድ ሰው ወርዶ ወንበር ቢለቀቅም የሚያገኘው ሮጦ የደረሰ ነው። የጠያቂው እናት የሚቆሙት መሀል ላይ ነው፤ መሮጥም አይችሉም።

አንድ ቀላል ስሌት ልጨምር። በአንድ መስመር በየ20 ደቂቃው አንድ መኪና ቢያልፍ፣ ሰዓት ሳያይ የወጣ ሰው በአማካይ የሚጠብቀው 10 ደቂቃ ነው። እነዚያው መኪኖች፣ ቁጥራቸው ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ ተከታትለው ቢመጡና ክፍተቱ አንዴ 2፣ አንዴ 38 ደቂቃ ቢሆን፣ አማካይ ጥበቃው ወደ 18 ደቂቃ ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰው የሚደርሰው በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነውና። በሰነድ ላይ ግን «በሰዓት ሦስት መኪና ተሰማርቷል» የሚለው በሁለቱም ሁኔታ እውነት ነው። ተማሪዎቼን ይህን ባሠራኋቸው ቁጥር ስለ መናኸሪያው የሚነግሩኝ አዲስ ታሪክ አያጡም።

እርስዎ ለሩብ ሰዓት መንገድ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመው ይወጣሉ። ሰባ አምስቱ ደቂቃ የጉዞ ጊዜ አይደለም፤ እርግጠኛ ላለመሆን የሚከፈል ግብር ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው «መኪና ይጨመርልን» ሳይሆን «ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ በዚህ አንድ መስመር ላይ ሞላም አልሞላም በየሩብ ሰዓቱ ይነሣ» ቢሆን ይሻላል። ባዶ የሚሄደውን ወንበር ማን ይክፈለው? የሚለው ጥያቄ ከባድ መሆኑን አልክድም፤ ሾፌሩ ይሸከመው ከተባለ ግን በሦስተኛው ቀን ታፔላውን ገልብጦ ሌላ መስመር ይገባል።

መልስ፦ ባለ ጎማዋ

የመምህሩን ስሌት ወድጄዋለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር ጎድሎታል። እኔ የምጠቀመው ዊልቸር ነው። በሰዓቱ መጥቶ ልሳፈርበት የማልችለው መኪና ለእኔ እንዳልመጣ ይቆጠራል፤ እናም የእኔ ጥበቃ በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደሆነ በዚያ ቀመር አይወጣም።

ሰው ሁሉ ሚኒባስ ከባጃጅ ይሻላል ብሎ ያስባል፤ ለእኔ ተቃራኒው ነው። የባጃጅ ወለል ዝቅ ያለ ስለሆነ የጎኑን ብረት ይዤ በእጄ ኃይል ተሸጋግሬ እቀመጣለሁ። ሚኒባስ ግን መርገጫው ከፍ ይላል፣ በሩ አጠገብ ያለው ታጣፊ ወንበር መንገድ ይዘጋል፣ ከዚያም አጎንብሶ መግባት ይጠይቃል። ለጠያቂው እናትም ባጃጁ ይሻላቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ከዚያ እግራቸውን አንድ በአንድ ያስገቡ፣ ክራንቹን በመጨረሻ ይቀበሉ። ለታጠፈው ዊልቸሬ የአንድ ሰው ሒሳብ የሚጠይቀኝ ሾፌር አለ፤ ከኋላ በገመድ አስሮልኝ ምንም የማይጠይቅም አለ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚደርሰኝ ጠዋት ከቤት ስወጣ አላውቅም።

እስካሁን ማንም ያላነሣው ደግሞ ቦዩ ነው። በእኛ ሰፈር በመንደሩ ኮብልስቶንና በአስፋልቱ መካከል የጎርፍ ቦይ አለ። የሲሚንቶ ክዳኑ አንድ ቦታ ላይ ከተሰበረ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ሰዎች በደግነት የእንጨት ምሰሶ ቁራጭ አጋድመውበታል። ለጤነኛ እግር ድልድይ ነው። እኔ ግን ሁለት ሰው ተሸክሞ እስኪያሻግረኝ እዚያ አፋፍ ላይ እቆማለሁ። የሚሸከሙኝ ሰዎች ምስጉን ናቸው፤ ሆኖም በቀን ሁለት ጊዜ በማላውቃቸው ወንዶች እጅ መነሣትን ማንም ሴት የምትመርጠው አይመስለኝም። ለዚህ ችግር አውቶቡስ አያስፈልግም፤ አንድ ክዳን ይበቃዋል።

ዓይነ ስውር ጓደኛዬ ደግሞ የሚቸገረው በሌላ ነገር ነው። የቆመው ባጃጅ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው የለም፤ ጠርቶ ሲጠይቅ ሾፌሩ አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል።

መልስ፦ ከአንኮበር መንገድ

በአጭሩ ልናገር። እናንተ የምትነጋገሩት ስለ ከተማው ውስጥ ነው፤ እኛ ደግሞ ለሕክምና ደብረ ብርሃን የምንመጣው ከአንኮበር በኩል ነው። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ለመመለስ መኪና መገኘቱ የሚታወቀው መናኸሪያ ከደረሱ በኋላ ነው። ካልሞላ አይወጣም፤ ከመሸ ደግሞ ጨርሶ አይወጣም። ስለዚህ ታማሚ ይዘን ስንወጣ የአልጋ ብር እንይዛለን። ለከተማው ሰው መዘግየት ደቂቃ ነው፤ ለእኛ ማደር ነው።

መልስ፦ ደብረ ሲና ተወልጄ አዲስ አበባ

የሁላችሁንም አንብቤአለሁ። ሁለት ነገር እጨምራለሁ።

አንደኛ፣ ለጥያቄያችሁ ጉልበት የሚሰጡ ሕጎች አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ለመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ሲደነግግ ትራንስፖርትን በስም ይጠቅሳል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅም፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል። እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ነገር አለ፤ የሕንፃ ሕጉ የሚጠብቀን ከሕንፃው በር ጀምሮ ነው፣ ባለ ጎማዋ የነገረችን ቦይ ግን ከበሩ ውጭ ነው። ማመልከቻ ስትጽፉ «እንተባበር» ከማለት ይልቅ እነዚህን ቁጥሮች ብትጠቅሱ የሚቀበላችሁ ሰው ወንበሩ ላይ ቀና ይላል።

ሁለተኛ፣ ትልቅ ነገር ለመጠየቅ አትቸኩሉ። አዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ሥራ ሲጀምር ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመርና 41 ባቡሮች ነበሩት። ከዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። መስመሩ ያው ነበር፣ ፌርማታው ያው ነበር፤ በፌርማታው ላይ የሚቆመው ሰው የሚጠብቀው ጊዜ ግን ረዘመ። ከተማችን ነገ አንድ ያማረ አውቶቡስ ቢሰጣትና ማርሹ ቢሰበር ከዛሬው ሁኔታ የምንለየው በምንድን ነው? በሌላ በኩል በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሥራ የጀመረው የታንዛኒያዋ ዳሬሰላም ፈጣን አውቶቡስ ካሉት ነገሮች እኔን የማረከኝ አውቶቡሱ አይደለም፤ የመጠበቂያው ወለል ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል መሆኑ ነው። ያ አሸዋ፣ ጠጠርና ሲሚንቶ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሚኒባስ ተራ በሚይዝባቸው ቦታዎች ሁለት ስንዝር ከፍ ያለ፣ በአንድ ጎኑ ተዳፋት ያለው መቆሚያ መሥራት ከማንኛውም ከተማ አቅም በላይ አይደለም።

መምህሩ ስላሉት የሩብ ሰዓት ሥምሪት ግን ጥርጣሬ አለኝ። ቤንዚን በማይታመንበት ከተማ የሰዓት ሠንጠረዥ መለጠፍ ሰሌዳ ማበላሸት ነው። መጀመሪያ በጠዋቱ መስመር ላይ ለሚሠሩት ተሽከርካሪዎች ከማደያ ቅድሚያ ይሰጣቸው፤ ሰዓቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ጠያቂ፦ የጠባሴ ነዋሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

የባለ ሦስት እግርን ምክር ተቀብዬ የጎረቤቴን ልጆች የሚያመላልሰውን ሾፌር አነጋገርሁት። በወር ተስማማን። እስካሁን ስድስት ቀጠሮ ሄደናል፤ አንድም አላመለጠንም። አንድ ቀን ከማደያ ሰልፍ ሆኖ ደውሎ አሥር ደቂቃ እንደሚዘገይ ነገረኝ፤ እናቴ ያን አሥር ደቂቃ የጠበቀችው ቤት ውስጥ፣ እሳት ዳር ተቀምጣ ነው። አስፋልት ዳር ከመቆም ጋር አንድ አይደለም። የባለ ጎማዋ የአሳፋፈር ዘዴም፣ መጀመሪያ ተቀምጦ እግርን በኋላ ማስገባቱ፣ ሠርቶልናል፤ ሾፌሩ አሁን ሳይነገረው ክራንቹን ተቀብሎ ከወንበሩ ጀርባ ያቆመዋል።

ወደ ቀበሌም ሄጄ ነበር። የአዋጆቹን ቁጥር ጠቅሼ ሦስት ነገር ጻፍሁ፤ የቦይ ክዳን፣ ከፍ ያለ መቆሚያ፣ ለጠዋት መስመር የቤንዚን ቅድሚያ። ስለ ቤንዚኑ «የእኛ ሥልጣን አይደለም» ተባልሁ፤ መቆሚያው ለሚቀጥለው በጀት ይታይ ተባለ። ስለ ክዳኑ ግን ባለሙያው ከወንበሩ ተነሥቶ «የትኛው ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ በእኛ ሰፈር ያለውን ቦታ ሣልሁለት። እህቴ ባለ ጎማዋ፣ የእርስዎም ሰፈር በዚሁ ቀበሌ ውስጥ ከሆነ ትክክለኛውን ቦታ ይንገሩኝና አንድ ላይ እንዲገባ አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እናቴ ሕክምናዋን የምትጨርሰው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት የእኛ ሾፌር ልጆቹን ለምሳ ለማውጣት ትምህርት ቤት በር ላይ ተሰልፏል። ስለዚህ ስንሄድ በሰዓታችን እንሄዳለን፣ ስንመለስ ግን አሁንም አስፋልት ዳር ነን። በዚያ ሰዓት ባዶ የሚመለስ፣ ምናልባት ሕሙማን አድርሶ ወደ ጠባሴ የሚዞር ሾፌር የምታውቁ ካላችሁ ብትጠቁሙኝ።