ፓፓያዬ አበባ ብቻ! ልቁረጠው?

ጓሮዬ (አዳማ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከገበያ የገዛሁትን ፓፓያ በልተን ዘሩን ግቢ ውስጥ ጣል አድርጌው ነበር። አንዱ በቀለና አሁን ከጣሪያው በላይ ሆኗል። አበባው ለጉድ ነው። ረጃጅም ዘለላ ሆኖ ይንጠለጠልና ጠዋት መሬት ላይ ተነጥፎ አገኘዋለሁ። ፍሬ ግን አንድም የለም። ጎረቤቴ «ግንዱ ላይ ሚስማር ምቺበት፣ ደንግጦ ያፈራል» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ቁረጪው ባይ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

የጫሞ ልጅ (አርባ ምንጭ)
እህቴ፣ ሚስማሩን ለአጥር አቆዪው። ያንቺው ወንዴ ነው። በረጅም ዘለላ የሚንጠለጠል አበባ ካየሽ ነገሩ አለቀ። ብትሰነጥቂው ቀጭን ቱቦ ነው፤ ውስጡ ቢጫ ብናኝ እንጂ ሌላ የለም። የሴቴዋ አበባ ግንዱ ላይ ልጥፍ ብላ ነው የምትወጣው። ወፈር ያለች ናት፤ ገለጥ ስታደርጊያት ትንሽዬ አረንጓዴ ፍሬ ከወዲሁ ተቀምጣ ታያለሽ። ሁለቱንም ፆታ በአንድ አበባ የያዘ ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ እሱ ያለ አጋዥ ለብቻው ያፈራል።

አንዳንዴ ወንዴውም ዘለላው ጫፍ ላይ ጥቃቅን ፍሬ ያንጠለጥላል። በእሱ ተስፋ አታድርጊ። ማዳበሪያም ብትጨምሪበት ሴት አይሆንልሽም።

ግን ቆይ፣ ከመቁረጥሽ በፊት፦ ጎረቤትሽ ፓፓያ አላት? ፍሬዋ ክብ ነው ሞላላ?

ጓሮዬ
አላት! ክብ ነው፣ በሽ በሽ ያፈራል።

የጫሞ ልጅ
ክብ ከሆነ ሴቴ ናት። በአካባቢው ሌላ ወንዴ ከሌለ ብናኙን የምታገኘው ካንቺ ግቢ ነው ማለት ነው፤ ነፋስና የእሳት እራት ያደርሱላታል። አንድ ወንዴ ለአሥር ሴቴ ይበቃል። እንዳትቆርጪው!

የፒያሳው
እኔስ አዲስ አበባ ብተክል? ሴቴ ችግኝ ትልክልኛለህ?

የጫሞ ልጅ
ወንድሜ፣ ችግኝ ሻጭ ነኝ፤ ገዢው ሁሉ «ሴቴዋን ስጠኝ» ይለኛል። አበባ ሳያወጣ በዓይን የሚለይ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። «ይቺ ሴቴ ናት» ብሎ ዋጋ የሚጨምርብህን አትመነው። ደግሞ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ለፓፓያ ብርድ ነው። ቢያፈራም ጣዕም አይኖረውም። አቮካዶ ትከል፣ የተዳቀለውን።

ጓሮዬ፣ ላንቺ አዲስ ዘር ከሞላላ ፍሬ ውሰጂ፤ ሞላላ የሚያፈራው ያ ሁለቱንም ፆታ የያዘው ዓይነት ነው። በራሱ ብናኝ ያፈራ ከሆነ ከዘሩ ወንዴ አይወጣም። ዘሩን የሸፈነውን የሚያሟልጭ ነገር አሽተሽ አጥበሽ አውጪው፤ እሱ ካለ ቶሎ አይበቅልም። በአንድ ጉድጓድ ሦስት አራት ችግኝ ትከዪ። ከአምስት ስድስት ወር በኋላ ማበብ ሲጀምሩ አይተሽ አንዱን ታስቀሪያለሽ። ችግኙን ከፕላስቲኩ ስታወጪ አፈሩን አታራግፊ፣ ሥሩ መነካካት አይወድም።

ጓሮዬ
ተባረክ! ያለኝ ቦታ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው። ውሃ እንዳይቸግረው ብዬ ነው።

የጫሞ ልጅ
ኧረ በጭራሽ! ፓፓያን ከጥም ይልቅ የተኛ ውሃ ነው ቶሎ የሚገድለው። ሁለት ቀን ውሃ ከቆመበት ሥሩ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ሌላ ቦታ ከሌለሽ አፈሩን እስከ ጉልበት ከምሪና አናቱ ላይ ትከዪ። የሳሙናው ውሃ ደግሞ በሌላ በኩል ይውጣ።