በኤሲ አየር ማስወጫ ላይ ተመላልሶ የሚወጣ ሻጋታ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ሲሆን፣ ከሐምሌ ወዲህ በልጆቼ መኝታ ክፍል የኤሲ አየር ማስወጫ ዙሪያ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። በበረኪና ባጸዳውም በ2 ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ታናሹ ልጄ አስም ስላለበት እንደ እናት እጅግ ተጨንቄአለሁ፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሻጋታው የሚመለሰው እርጥበቱ ስላልተወገደ ነው። የቀዘቀዘው የአየር ማስወጫው የብረት ክዳን የክፍሉን እርጥብ አየር ሲያገኝ ውሃ ያቋጥራል። የእርጥበት መለኪያ ገዝተው የቤቱ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ መሆኑን ያረጋግጡ። ኤሲውን አጥፍተው ክዳኑን ይፍቱና በሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቁት፤ በረኪና ግን ቀዝቃዛውን አየር ወደ ክፍሉ በሚያመጣው ቱቦ ውስጥ ፈጽሞ አይርጩ፣ ሽታው ራሱ አስም ይቀሰቅሳልና።

ሌላ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ክዳኑ ብቻ ላይሆን ይችላል። በእኛ ቤት የኤሲው የውሃ መውረጃ ተደፍኖ፣ ከሥሩ ያለው ማጠራቀሚያ ሞልቶ ተገኝቷል። ቱቦው ከውስጥ በፋይበርግላስ (ከመስታወት ክር በተሠራ ሽፋን) የተሸፈነ ከሆነና ሽፋኑ ከሻገተ ደግሞ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚመክረው፣ ማጽዳት ስለማያዋጣ ሽፋኑ መቀየር አለበት።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መለኪያው 68 በመቶ አሳየኝ፤ ልጄን ወደ ሌላ ክፍል አዛውሬ፣ የውሃ መውረጃውን የሚያይልኝ ባለሙያ ጠርቻለሁ።