ፕሮቲን የእማዬን አጥንት ያሳሳል እንዴ?

የኮዬ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ውሃ ጠፍቶ ከታች በጀሪካን ስናመላልስ ደረጃው ረጥቦ ነበር። እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች ስትወርድ አዳለጣት። የወደቀችው ከሁለት ደረጃ ነው፣ ብዙም አይደለም። ግን በእጇ መሬቱን ስትመክት አንጓዋ ላይ ተሰበረች። ወጌሻ ጋ ካልሄድኩ ብላ ነበር፤ ለምኜ ራጅ አስነሳኋት። ሐኪሙ ጄሶ አደረገላትና “አጥንታቸው ሳስቷል፣ እንዲህ በቀላሉ መሰበር አልነበረባቸውም” አለኝ። ከኋላችን ወረፋው ረጅም ስለነበር ስለ ምግብ ሳልጠይቀው ወጣሁ።

እኔ በራሴ እንቁላልና ወተት ጀመርኩላት። ደስ ብሏት ነበር። ታዲያ አንዲት ጎረቤታችን በቴሌግራም የደረሳትን ድምፅ አሰማቻት። ፕሮቲን ደምን አሲድ ያደርጋል፣ ሰውነት አሲዱን ለመግደል ካልሲየም ከአጥንት ይመዛል፣ ከዚያ በሽንት ይወጣል ይላል። በቃ! እማዬ እንቁላሏን ለልጄ ማሳለፍ ጀመረች። “አጥንቴን ልሽናው ነው?” ትለኛለች። ቁርሷ ተመልሶ ሻይ በዳቦ ሆነ። ክብደቷ 52 ኪሎ ነው። ፍልሰታም እየመጣ ነው። የሚያውቅ ካለ፣ ወሬው እውነት ነው?

ጡረተኛዋ ነርስ፦

ልጄ፣ እማማን እግዜር ይማርልሽ። አጥንት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ሰበታ ቁጭ ብዬ ዶሮ አረባለሁ፤ እንቁላል ስለምሸጥ ነው እንዳትይኝ።

ጎረቤትሽ የሰማችው ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም። ፕሮቲን ሲጨመር በሽንት የሚወጣው ካልሲየም ከፍ ይላል፣ ይኼ ከታወቀ መቶ ዓመት አልፎታል። ሰዎች ለረጅም ጊዜ “ከአጥንት ካልሆነ ከየት ይመጣል?” ብለው ደመደሙ። መልሱ ግን አንጀት ውስጥ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ምልክት ያለው ካልሲየም ለሴቶች ሰጥቶ መንገዱን ተከተለ። ፕሮቲን ሲበዛ አንጀት ከምግቡ ውስጥ ብዙ ካልሲየም ይስባል። በሽንት የጨመረው በአብዛኛው ያ ነው። ደማቸውም አሲድ አይሆንም፤ ሳንባና ኩላሊት ሥራቸው ምን ሆነና።

ደግሞ አጥንት ኖራ ብቻ አይደለም። ውስጡ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ካልሲየሙ የሚጣበቀው እሱ ላይ ነው። ጭቃ ቤት አስቢ፦ ማገርና ጭድ ሳይኖር ጭቃ ብትለጥፊ ይቆማል? ፍራሚንግሃም በሚባል የአሜሪካ ከተማ አረጋውያንን አራት ዓመት ተከታትለው በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። ከዳሌና ከአከርካሪ አጥንታቸው ብዙ ያጡት ፕሮቲን በጣም ትንሽ ይበሉ የነበሩት ናቸው።

ለእማማ ዕድሜ በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም በቀን ይመከራል። ለ52 ኪሎ ከ52 እስከ 62 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ አለው። ሻይ በዳቦ ሩቅ አያደርስም። ካልሲየሙ ከጎደለ ግን ፕሮቲኑ ብቻውን አይሠራም። ከ50 ዓመት በላይ ላለች ሴት በቀን 1200 ሚሊግራም ይባላል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሸፍናል።

አንድ ነገር ብቻ፦ ኩላሊታቸው ተመርምሮ ያውቃል? የኩላሊት ሕመም ካለ የፕሮቲኑን ልክ ሐኪም ነው የሚወስነው።

ሱሉልታ ነኝ፦

ባክችሁ! አያቴ ሥጋ የምታየው በዓመት በዓል ነበር። ሽሮ በልታ 90 አለፈች፣ አንድም ቀን አልተሰበረችም። አሁን ሁሉ ነገር ፕሮቲን ሆነ።

ጡረተኛዋ ነርስ፦

አያትህ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሽሮ እኮ ፕሮቲን ነው! አተር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ሌላ ምን ነው? ደግሞ እህል በእጅ ሲፈጩ፣ እንስራ ተሸክመው ዳገት ሲወጡ፣ ፀሐይ ላይ ሲውሉ ነው የኖሩት። ሸክም አጥንትን ያጠነክራል፣ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ይሰጣል። ሦስተኛ ፎቅ ተዘግቶባቸው ድራማ ሲያዩ አልዋሉም።

የገላን እናት፦

እህቴ፣ እኔም 66 ነኝ፣ እጾማለሁም። ሰባት ሰዓት ላይ ስፈታ ሽሮዬን ወፈር አደርጋለሁ፤ ማታ ምስር። ሰሊጥ ከነገለፈቱ ቆልቼ ፍትፍት እሠራለሁ። ከቆስጣ ይልቅ የሐበሻ ጎመን አብዢላት። ቆስጣ ካልሲየም ቢኖረውም ውስጡ ያለው ኦክሳሌት አስሮ ይይዘዋል፣ ሰውነት ብዙም አያገኘውም። የጎመኑ ግን ይገባል። ጤፉም አይናቅም፤ በካልሲየም የስንዴ ዱቄትን አያስጠጋውም። ጨው ቀንሺ፤ በሽንት ካልሲየም የሚያስወጣው እንግዲህ እሱ ነው፣ ማንም በቴሌግራም አይልክበትም እንጂ። እናትሽ ከሕመም ላይ ናቸው፣ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። የእኔ አባት “በሽተኛ ይብላ” ብለውኝ ያውቃሉ።

የኮዬ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሲስተርን መልስ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጭቃ ቤቱ ጋ ስደርስ “እውነቷን ነው፣ አባቴ ያለ ጭድ አይለጥፍም ነበር” አለች። ኩላሊቷን ሰኞ እናስመረምራለን። ከትናንት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሰገነቱ ላይ ጄሷን አቅፋ ፀሐይ ትሞቃለች። የንስሐ አባቷ ዘንድ ግን አልሄድም ብላለች፤ እሳቸው ብዪ ካሏት ልትበላ ስለሆነ ነው መሰለኝ። እንቁላሉን ዛሬ በላች። አንዱን። ሌላኛውን ልጄ ኪስ ውስጥ አገኘሁት።