«መረጃ» ስንት ቃል ነው?

የአራት ኪሎው፦
ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ፣ አንዲት ጠባብ ጀበና ቡና ቤት ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሰውዬ «የመረጃ ሥራ ለሕዝብ ምን ይሠራል» የሚለውን ረጋ ብሎ ያስረዳል፤ ስጋትን ቀድሞ ማወቅ፣ መተንተን፣ ለሚወስን አካል ማቅረብ። ቡና የምታፈላው ልጅ ሲኒ እያጠበች ሰማችና «እነዚህ መረጃ የሚሰጡት የት ነው? ለፋይዳ መታወቂያዬ ሁለት ቀን ዞሬ የሚነግረኝ አጣሁ» አለች። ጥግ ላይ ጋዜጣ የያዙ አዛውንት ቀና እንኳ ሳይሉ «ልጄ፣ እነሱ ይወስዳሉ እንጂ አይሰጡም» አሏት። ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን ምን እንዳሳቀን ሳይገባት ጀበናዋን አነሳች።

ከዚያ ወዲህ እያሰላሰልኩ ነው። ልጅቷ ምን አጠፋች? በር ላይ «መረጃ» ተብሎ የተጻፈበት መስኮት ጋ ሄዶ መጠየቅ የለመደ ሰው ሌላ ምን ይጠብቅ? አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት? ለእሷስ እንዴት ትፈቱላታላችሁ? «ስለላ» ካልኳት ትደነግጣለች፣ «መረጃ» ካልኳት ወረፋ ትይዛለች።

ሥርወ ቃል፦
ቃሉ አንድ ነው፤ ሥሩ «ረዳ»። «ረዳ» ስል እርዳታውን አይደለም፤ «ተረዳ፣ አስረዳ» የሚለውን ነው። የሚረዱበት ነገር መረጃ፣ ሌላውን የሚያስረዱበት ማስረጃ። የዚሁ ቤት ሦስተኛ ልጅ ደግሞ አለች፣ ሁላችንም የምንፈራት፦ መርዶ። «እሷ እኮ ገና አልተረዳችም» ሲባል ትምህርት አልገባትም ማለት አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ በሯን ያላንኳኳባት ሴት ናት። ስለዚህ መረጃ ከሥሩ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። ለሚመለከተው ሰው መድረስ ያለበት፣ ከደረሰ በኋላም እንደ በፊቱ ሆኖ መቀመጥ የማይቻልበት ነገር ነው።

«ሰላይ»ን ግእዙ «ሰብአ ዐይን» ይለዋል፤ የዐይን ሰዎች። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ዘኍልቁ 13 ትዝ ይለኛል። ሙሴ 12 ሰዎች ወደ ከነዓን ላከ፤ 40 ቀን ዞሩ፤ የወይን ዘለላ በመሎጊያ ተሸክመው ተመለሱ። ሁሉም ያዩት ያንኑ አገር፣ ያንኑ ከተማ፣ ያንኑ ረጃጅም ሰው ነው። 10ሩ «አንችልም» አሉ፣ 2ቱ «እንችላለን»። ቴሌቪዥኑ ላይ «ትንተና» ያሉት እዚህ ጋ ነው። ዐይን ብቻውን መረጃ አያመጣም፤ ሕዝቡን ሌሊቱን ሙሉ ያስለቀሰው ያዩት ነገር ሳይሆን የ10ሩ ትንተና ነው።

ጠበቃዋ፦
መሪጌታ፣ ሥርዎን ተቀብያለሁ። ሕጉ ግን ያንን አንድ ቃል ለሁለት ሰንጥቆታል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ነው፤ መረጃ እዚያ ዜጋ ከመንግሥት የሚጠይቀው ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 804/2005 ደግሞ የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት እንደገና ማቋቋሚያ ነው፤ እዚህ ያው ቃል መንግሥት የሚሰበስበው ሆነ። አንዱ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ አንዱ ወደ ውስጥ። የቡናዋ ልጅ 590ን ይዛ ነው 804ን የጠየቀችው! የኮምፒውተሩን ጎራ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ስሙን «የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር» ብሎ ባዕድ ቃል መዋሱም አይገርመኝም፤ «መረጃ» ተይዟላ።

«መረጃ»ና «ማስረጃ»ን አደባልቃችሁ የምትጽፉ ደግሞ እባካችሁ ተጠንቀቁ። በመካከላቸው ያለችው «ስ» ሰው ታሳስራለች። የድሮው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001፣ አንቀጽ 23፣ የመረጃ ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት መንገድ ባይገለጽም ፍርድ ቤት በማስረጃነት እንዲቀበለው ፈቅዶ ነበር። ማስረጃ ማለት እኮ በክርክር የሚፈተን፣ ተከሳሹ «ማን ነው ያለው?» ብሎ የሚሞግተው ነገር ነው። ምንጩ ካልታወቀ ማንን ይሞግታል? አዋጁ በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል፤ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ የመጻፍ ልማዱ ግን ጋዜጣ ላይ አሁንም አለ።

የድሮ ካዛንችስ፦
እናንተ አዋጅ ቆጠራችሁ፤ እኛ ሰፈር እንዲህ አይባልም ነበር። በደርግ ጊዜ «ሕዝብ ደህንነት» ነው የሚባለው። በኋላ «ሕዝብ» ወደቀና ሰውየው ራሱ «ደህንነት» ሆነ፤ «ቀስ በል፣ እሱ ደህንነት ነው»። ደህና ማለት ጤና፣ ሰላም ማለት ነው ብለው ያሳደጉን ሰዎች ያንኑ ቃል ሲሰሙ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። እናቴ ለኛ ቃልም አታባክንም፤ የታች ከንፈሯን ነከስ ታደርጋለች፣ እኛም ዝም። «ማዕከላዊ»ም እንደዚሁ። እስር ቤቱ በ2010 ቢዘጋም ቃሉ ገና አልተፈታም። የአጎቴ ልጅ ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ተቀጠረ ሲሏት አክስቴ ስታትስቲክሱ ላይ ሳይደርሱ ደንግጣ ተቀመጠች።

ከሁሉም የምወደው (ቃሉን ነው!) «ጆሮ ጠቢ» ነው። እኔ የማውቀው ትርጉም፦ አለቃው ጆሮ ላይ ተለጥፎ፣ ጥጃ ጡት ላይ እንደሚለጠፈው፣ የሚያንሾካሹክ።

ሥርወ ቃል፦
እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው የሰማሁት፤ በጆሮው የሰው ወሬ የሚጠባ።

የድሮ ካዛንችስ፦
ጆሮ በምኑ ይጠባል? አፍ ነው የሚጠባው። አልቀበልም።

የሰዓሊተ ምሕረት ልጅ፦
በመካከል ልግባ። ቃሉ ክፉ የሚሆነው ሰውየው ለማን እንደሚሠራ ታይቶ ነው። ባሻይ አውዓሎም በ1888 ጣልያን ዘንድ ሄዶ የምኒልክ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል እያለ ሲያሳምን ሥራው ሰላይነት ነበር፤ ማንም ግን ጆሮ ጠቢ ብሎት አያውቅም፣ ጀግና ነው። በወረራው ጊዜ አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአርበኞች ወሬና ጥይት የሚያቀብሉት «የውስጥ አርበኛ» ናቸው፤ ሸዋረገድ ገድሌን ማን ሰላይ ይላታል? ለጣልያን የሠራው ግን «ባንዳ» ነው፤ ቃሉንም የወሰድነው ከዚያው ከጣልያን ነው፣ ጭፍራ ማለት ነው። ለጠላት የሚሠራውን ስም ከራሱ ከጠላት ወሰድን፤ ለአገር የሚሠራውን አርበኛ አልን፤ ለመንግሥት የሚሠራውን ግን እስከ ዛሬ ከጆሮ ሌላ ስም አላገኘንለትም።

የአራት ኪሎው፦
ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ። የመሪጌታን መርዶ ተውሼ «መርዶው ሳይሆን በፊት ሰምቶ፣ ለሚያስቀር ሰው የሚነግር ማለት ነው» አልኳት። ሲኒዋን አስቀምጣ ትንሽ አሰበች።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለች። «ሳያስቀሩት ሲቀሩስ ማን ያረዳናል?»

መልስ ሳላገኝ ሁለተኛውን ቡና ቀዳችልኝ። የፋይዳው ነገር አሁንም አላለቀም፤ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ፣ እነግራታለሁ።