«ስትሸጥ ኖራለች»፦ ሃዝ ሶልድ ነው ሃዝ ቢን ሴሊንግ?

የሰኞ ገበያ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደሴ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቀምጬ ይኸው ሦስተኛ ቀኔ። ለትምህርት ዕድል ማመልከቻ ስለ ቤተሰቤ በእንግሊዝኛ መጻፍ አለብኝ። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍኩት። ወደ እንግሊዝኛ ልመልሰው ስል ግን ተያዝኩ። ዓረፍተ ነገሩ ይሄ ነው፦

«እናቴ 20 ዓመት ሙሉ ሰኞ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ ኖራለች።»

«ሃዝ ሶልድ» ልበል ወይስ «ሃዝ ቢን ሴሊንግ»? ትምህርት ቤት የነገሩን «ያለቀ ከሆነ ፕረዘንት ፐርፌክት፣ የቀጠለ ከሆነ ፕረዘንት ፐርፌክት ኮንቲኒየስ» ብለው ነው። ግን «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር» የሚለውንም ልክ ነው ብለውናል፤ እሱ ደግሞ አላለቀም። እናቴም አልጨረሰችም። ዛሬም በጠዋት ወጥታለች። ዓርብ መላክ አለብኝ፣ እባካችሁ።

የጦሳ ጉም
እህቴ፣ እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ያ ሕግ ተማሪ ሲያሳስት በየዓመቱ አየዋለሁ። ሁለቱም እስከ አሁን የሚደርስ ነገር ነው የሚናገሩት። ልዩነቱ ዓይንሽ የት ላይ እንዳረፈ ነው። ውጤቱን ካየሽ ሲምፕሉ፣ «ሃዝ ሶልድ» ነው፤ ሥራውን ካየሽ ኮንቲኒየሱ፣ «ሃዝ ቢን ሴሊንግ»። «አይ ሃቭ ሬድ ዘ ቡክ» ካልሽ መጽሐፉን ጨርሰሻል። «አይ ሃቭ ቢን ሪዲንግ ዘ ቡክ» ካልሽ ገና መሐሉ ላይ ልትሆኚ ትችያለሽ። የተሠራው ነገር ስንት እንደሆነ ከተቆጠረ ሲምፕሉ ነው፤ ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ ለማለት «ሃቭ ቢን ራይቲንግ» አይሆንም። እንደ ማወቅ ያለ ግስም ኮንቲኒየሱን አይወድም። «አይ ሃቭ ኖውን ሂም» ነው እንጂ «ቢን ኖዊንግ» የለም። ሊቭ እና ወርክ ላይ ግን ሁለቱም ይሄዳሉ። ኮንቲኒየሱ ትንሽ ለጊዜው የሆነ ያስመስለዋል፣ ያችው ናት ልዩነቷ።

ባለ ቅኔ ከዋድላ
ልጄ፣ ወደ እንግሊዝኛው ከመሮጥሽ በፊት አማርኛሽን ፍቺው። «ኖራለች» ብለሽ የጻፍሽው ምንድን ነው?

ኖረ የነበረ ልጅ ነው። በ ላልታ ወ ሆነች፤ ነበረ፣ ነወረ፣ ኖረ። በግእዝ ደግሞ ነበረ ማለት ተቀመጠ ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ያውቀዋል፤ «ውስተ አፍላገ ባቢሎን ህየ ነበርነ ወበከይነ»። በዚያ ተቀምጠን አለቀስን ነው ፍቺው። ስለዚህ «ስትሸጥ ኖራለች» ያልሽው «እየሸጠች ተቀምጣለች» ማለት ነው። መደቧ ላይ አስቀምጠሻታል። ሥራው ሳይሆን ሰውየዋ ናት የቆየችው።

«ወጥታለች» ያልሽውንም ልብ በይው። ወጥታ አለች ነው። ቦዝ አንቀጽ ላይ አለ ተለጠፈበት። የአለ ሥሩ ሀሎ ነው። ሀሎ መልኩ ቀዳማይ (ያለፈ ጊዜ)፣ ምስጢሩ የአሁን። «ዘሀሎ ወይሄሉ» ስንል ያለና የሚኖር ማለታችን ነው። እኛ ያለፈውን ከአሁን ጋር የምናስረው በመኖር ነው። እንግሊዞቹ ሃቭ ብለው በመያዝ፣ በገንዘብ ማድረግ አሰሩት። ቅኔ ቤት ይህን ሳይለይ ማንም አንቀጽ አይሰጠውም ነበር።

ቦርከና ማዶ
የኔታ፣ ነበረ ተቀመጠ ነው ባሉት እስማማለሁ። ዛሬም «ኮምቦልቻ ነው የምቀመጠው» እንላለን፣ ማንም ወንበር አያስብም። ግን እኔ ጆሮ ላይ «ኖራለች» ሌላ ድምፅ አላት።

ጠዋት የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ወደ ደሴ ስመጣ አስፋልቱ ርሶ ካገኘሁት «ሌሊት ዘንቦ ኖሯል» ነው የምለው። ዝናቡን አላየሁትም። ያየሁት እርጥቡን ነው። ይሄ ኖሯል መቀመጥም መኖርም አይደለም፣ «ለካ» ነው። «ሲዋሸኝ ኖሯል» ስንልም ዛሬ ነቃሁበት ማለታችን ነው። የእህታችንን ዓረፍተ ነገር ሳነበው «ለካ እናቴ ይሄን ሁሉ ዓመት በርበሬ ስትሸጥ ኖራለች» ያለች መሰለኝ። ሳታውቅ ቆይታ የደረሰችበት።

የሰኞ ገበያ ልጅ
ኧረ አውቃለሁ! በርበሬ ስቀነጥስ ነው ያደግኩት። ለካ የሚል ነገር በልቤም አልነበረም።

የጦሳ ጉም
ቦርከና ማዶ ያነሳው ትልቅ ነገር ነው፣ አትለፉት። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ያደርጋል። ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ርሶ ካዩ «ኢት ሃዝ ቢን ሬይኒንግ» ይላሉ። አሁን እየዘነበ አይደለም። ዓይኑ የቀላ ሰው ሲያዩ «ሃቭ ዩ ቢን ክራይንግ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ልቅሶው አብቅቷል፣ ምልክቱ ግን ፊት ላይ አለ። «የቀጠለ ከሆነ ኮንቲኒየስ» የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ባለ ቅኔ ከዋድላ
የለካ ኖሯል ሌላ ቃል አይደለም። ያው ኖረ ነው። እኔ ሳላውቀው በቦታው ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ሥሩን አትቁረጡበት።

ቦርከና ማዶ
የኔታ በአክብሮት አልስማማም። ሥሩ አንድ ሊሆን ይችላል፣ ቃሉ ግን ተለያይቷል። ማስረጃዬ «ኖሮ» ናት። «ብትነግሪኝ ኖሮ እመጣ ነበር» እንላለን። «ብትነግሪኝ ኖረሽ» የሚል ሰው የለም። ለወንድም ለሴትም ለብዙም ኖሮ ብቻ። እግሯ ታስሯል፣ ከእንግዲህ ግስ አይደለችም። «መጥተህ ኖሯል» ሲሉም ሰምቻለሁ፣ «ኖረሃል» ሳይሉ። ይሄኛውም ወደዚያው እየሄደ ነው።

የነሕው ደረሳ
አሰላሙ ዐለይኩም። የኔታ፣ ግእዙን ለአንቱ እተወዋለሁ። እኔ ያደግኩት ቂርአት፣ የእስልምና ትምህርት ላይ ነው። ግን ሁለታችሁም ያላያችሁት አንድ ነገር አለ።

ቦርከና ማዶ የጠቀሰው «ዘንቦ ኖሯል» ነው። እህታችን የጻፈችው «ስትሸጥ ኖራለች» ነው። አንዱ በቦዝ፣ አንዱ በ«ስ» ነው የመጣው። እስቲ ቀይሩት። «ሸጣ ኖራለች» በሉ። ወዲያው ለካ ሆነ፤ ሌላ ትርጉም የለውም። «ስትሸጥ ኖራለች» ግን ሁለት በር አለው፣ ለካም ይሆናል፣ ዘመን መቁጠርም ይሆናል። «20 ዓመት ሙሉ» ስላለች ሁለተኛው በር ነው የተከፈተው። ስለዚህ አማርኛዋ ልክ ነው።

ስለ ፕረዘንት ፐርፌክት ከተነሳ፣ ለእኔ የገባኝ ክፍል ውስጥ አይደለም፣ በዓረብኛዋ «ቀድ» ነው። ነሕው (የዓረብኛ ሰዋስው) ስንቀራ «ቀድ» ያለፈ ግስ ፊት ስትገባ ነገሩን ወደ አሁን ታቀርበዋለች ብለውናል። ሶላት ሊጀመር ሲል በሚባለው ኢቃም ላይ በቀን አምስት ጊዜ እንሰማታለን፣ «ቀድ ቃመቲስ-ሶላህ»። ሶላቱ ቆሟል፣ ሰልፉ ውስጥ ግቡ ነው። ድሮ ቆሞ ነበር ማለት አይደለም። እንግሊዝኛ መምህሬ «ሃዝ» ሲለኝ ያቺ ድምፅ ነበረች የመጣችልኝ።

ባለ ቅኔ ከዋድላ
ወንድሜ፣ የበሩ ነገር ደስ ብሎኛል። በቦዝና በ«ስ» መለየትህ የቅኔ ቤት ሰው ሥራ ነው። «ስትሸጥ» በግእዝ «እንዘ ትሠይጥ» ይሆናል።

ቦርከና ማዶ
እኔ በሥራዬ ሪፖርት እተረጉማለሁ። አንድ ወጥመድ ልጨምር፣ ማመልከቻው ላይ እንዳይዝሽ። እኛ «የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ተመርቋል» ብንል ነውር የለበትም። እንግሊዝኛው ግን ዓመተ ምሕረት ከተጠራ ሃዝን አይቀበልም። ተራው ያለፈ ጊዜ ይሆናል፣ «ዋዝ ኢናውጉሬትድ ኢን 2017»። «ሲንስ 2017» ሲሆን ነው ሃዝ የሚመለሰው። «ተመርቋል»ን አይቼ ስንት ጊዜ ሃዝ ጽፌ ተመልሶብኛል!

የጦሳ ጉም
በጣም ልክ። አሉታውም እንዲሁ ይጎዳናል። ግስ ላይ የሚለጠፈው «አለ» በአሉታ ይጠፋል። «በልቻለሁ» እና «በላሁ» ሁለት ናቸው። «አልበላሁም» ግን አንድ ነው። ለዚህ ነው ተማሪዎቼ «ዲድንት» እና «ሃቭንት» ላይ የሚቸገሩት። ስንፍና አይደለም፣ አፋቸው የፈታበት ቋንቋ ነው።

የነሕው ደረሳ
እኔን የሚያስደንቀኝ ደግሞ ሌላ ነው። እንግሊዞቹ ለሁሉም አንድ «ቢን» ብቻ ነው ያላቸው። እኛ ጊዜውን እየሰፈርን ግስ እንመርጣለን። ስጠብቅህ አረፈድኩ፣ ዋልኩ፣ አመሸሁ። ሐድራው ላይ ሲዘክሩ አደሩ። ሲያመው ሰነበተ። ቤት ሲሠራ ከረመ፣ ባጀ። ዕድሜ ልክ ከሆነ ኖረ። አንዱን «ሃዝ ቢን» ወደ አማርኛ ለመመለስ ሰዓት አይቶ፣ ወር አይቶ ነው። ሰባትና ስምንት ቃል በአንድ ቢን ሲጠፋ ያሳዝነኛል።

ባለ ቅኔ ከዋድላ
አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣን። ዋለ ከወዓለ ነው። ሰነበተ ከሰንበት፣ ከረመ ከክረምት። አደረ ከኀደረ ነው። «ቃል ሥጋ ኮነ ወኀደረ ላዕሌነ» ሲል አንድ ሌሊት ብቻ ያደረ አይደለም፣ ማደሪያ አደረገን ነው። አማርኛው ቃሉን ወደ ሌሊት አጠበበው።

ባጀ ላይ ግን እቆማለሁ። ከግእዝ አይደለም። በግእዝ በጋውን ማሳለፍ ሐገየ ነው፤ ወራቱም ሐጋይ ይባላል።

ቦርከና ማዶ
ባጀ ከበጋ ነው፣ የኔታ። ከረመ ከክረምት ከመጣ ባጀ ከበጋ ለምን አይመጣም? «ከርሞ ባጅቶ» ስንል ሁለቱን ወራት ጎን ለጎን እኮ ነው የምናስቀምጠው። «በጀት»ም ከዚሁ ይመስለኛል፣ በጋውን የሚያሻግር ገንዘብ።

የጦሳ ጉም
በጀት እንኳ የውጭ ቃል ነው፣ ባጀት ከሚሉት የመጣ። እሱን ተወው። ባጀ እና በጋ ላይ ግን ከአንተ ጋር ነኝ።

ባለ ቅኔ ከዋድላ
ገ እንዴት ጀ ሆነች? እሱን ሳታስረዱኝ አልቀበልም።

የነሕው ደረሳ
የኔታ፣ ሰ ሸ ይሆናል፣ ደ ጀ ይሆናል፤ «ውሰድ» ለሴት «ውሰጂ» ነው። ገ ግን ለሴት ቢሆንም «ፈልጊ» ነው፣ አይለወጥም። ስለዚህ ጥያቄዎ ይከብዳል። አሁን መልስ የለኝም።

የሰኞ ገበያ ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከክፍል የበለጠ ተምሬያለሁ። ግን ነገ ዓርብ ነው። ማታ ዓረፍተ ነገሩን ለእናቴ አነበብኩላት። በርበሬ እያጠራች ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ኖራለች አትበዪ ልጄ፣ የሞትኩ አስመሰልሽኝ» አለችኝ። አሁን ጭራሽ ግራ ገባኝ።

የጦሳ ጉም
እናትሽ ትልቅ ጆሮ ነው ያላቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። «ኖራለች» ዘመኑን ከዘጋ እንደ መሸኛ ይሰማል። በእንግሊዝኛ ግን አትስጊ። እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር ሃዝ ያልሽበት ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው። ለሞተ ሰው «ሶልድ» ብቻ ይባል ነበር። ሁለቱም አያሳፍሩሽም። እኔን ካልሽ «ሃዝ ቢን ሴሊንግ» ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሲወጡ ያሳያቸዋል።

ቦርከና ማዶ
እኔ ደግሞ «ሃዝ ሶልድ» እላለሁ። ቢን ሴሊንግ ለጊዜው ያስመስላል ብለህ አንተው ራስህ ነግረኸናል። 20 ዓመት ለጊዜው አይደለም። አማርኛውንም «በርበሬ መሸጥ ከጀመረች 20 ዓመቷ ነው» አድርጊው፣ እናትሽ ደስ ይላቸዋል።

የጦሳ ጉም
ለጊዜው የሚያስመስለው ሊቭ እና ወርክ ላይ ነው። ሴል ላይ ሌላ ነው። ሴል ዕቃ አስከትሎ ሲመጣ ሲምፕሉ ተሸጦ ያለቀ ነገር ወደ መቁጠር ይስባል። ቆይ፣ ከክፍል ስወጣ በምሳሌ እጽፈዋለሁ።

ባለ ቅኔ ከዋድላ
ስለ ባጀ፦ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ አንድ የገጠር ሽማግሌ ጠየቅኩ። «በጋውን የት ባጁ?» ስላቸው «እዚሁ ባጀሁ፣ ክረምቱንም እዚሁ እከርማለሁ» አሉኝ። በጋ እና ባጀን በአንድ ትንፋሽ ነው የመለሱልኝ። ገ እና ጀን ግን አሁንም አላስታረቅኋቸውም።